የማይበራ ስጦታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሳን ሆዜ ውስጥ የሰው አሮጌ ኮምፒውተር እያበራሁ በምተዳደርበት ዘመን ነው። በዲቪ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አገር ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ኬሚስትሪዬን የሚፈልግ ሰው ስላላገኘሁ፣ ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ተረክቦ የሚለይ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራው አያስቸግርም። ኮምፒውተሩን ሶኬት ላይ እሰካለሁ፣ አበራለሁ፣ ባትሪውን አያለሁ። ከሠራ አረንጓዴ ወረቀት እለጥፍበታለሁ፣ ካልሠራ ቀይ። አረንጓዴው ለሰው ይተርፋል፣ ቀዩ ይበተናል።

በዚያ ሥራ ላይ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ከማውንቴን ቪው መሥሪያ ቤቶች የሚመጡት ኮምፒውተሮች ከላይ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ። ካልበሩ ግን ዐይኔን ሳላሽ ቀይ እለጥፍባቸው ነበር። አለቃዬ ሊንዳ የምትባል ፊሊፒናዊት ናት። በየወሩ ሰብስባን የምትደጋግመው አንድ ነገር ነበራት። ያልተፈተሸ ወይም የማይሠራ ኮምፒውተር ከድንበር ሲወጣ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል። ውስጡ እርሳስ አለ፣ ሜርኩሪ አለ፣ የሚቃጠል ባትሪ አለ። ባዝል በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ ወደ ሌላ አገር የሚሄደው፣ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ተነግሮት በጽሑፍ «እሺ» ካለ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። አሜሪካ ግን ከፈረመች በኋላ አላጸደቀችውም፤ አባል የሆነ አገር ደግሞ አባል ካልሆነ አገር እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይቀበልም። ስለዚህ ከዚህ ወደዚያ መንገዱ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። አላወቅኩም ብዬ የምሾልክበት ቀዳዳ እንደሌለኝ ከወዲሁ እወቁልኝ።

ጋሽ መኮንንን ያወቅኳቸው ኦክላንድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አርሲ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ለተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ሲሰበስቡ ኖረዋል። ጋራዣቸው እስከ ጣሪያው ሞልቶ መኪናቸው አሥራ አንድ ክረምት ውጭ አድራለች። ሰው ኮምፒውተር ሲቀይር «ለጋሽ መኮንን ስጠው» ይባል ነበር። እሳቸውም እያንዳንዱ ላይ የሰጪውን ስም በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፋሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠሩኝ።

«ሮማን ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በመጨረሻ ኮንቴይነሩን ቡክ አደረግኩት። መጻሕፍቱም፣ ወንበሮቹም፣ ኮምፒውተሮቹም አብረው ይሄዳሉ። የጭነት ኤጀንቱ ግን ኮምፒውተሮቹን ቴስት ያደረገ ባለሙያ ሳይን ካላደረገልህ አልጭንም አለኝ።»

«ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳቸው። ባለሙያ መባሌ ራሱ ደስ ብሎኛል። እዚህ አገር እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ማለዳ ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ወንበር አዘጋጅተው ጠበቁኝ። የመጀመሪያውን ሰካሁት፤ አልበራም። ሁለተኛው ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ሦስተኛውን ሳነሣ ጋሽ መኮንን ቀረብ ብለው በላዩ ያለውን ፕላስተር በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይችን የሰጠችኝ በርክሌ ያለች ፈረንጅ ናት። የሟች ባሏ ነበረች። በገዛ እጇ ይዛልኝ መጥታ፣ ልጆቹ ይማሩበት ብላ እዚህ በር ላይ አለቀሰች።»

ሰካኋት። አልበራችም። የባትሪዋ ሽፋን ወደ ላይ ተነፍቷል። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ መሥሪያ ቤታችን ሲመጣ ሊንዳ ሁላችንንም ከጠረጴዛው አርቃ አሸዋ ያለበት ባልዲ ታስመጣለች።

ቀዩ ወረቀት እጄ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ጋሽ መኮንን ፊቴን እያዩ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ አንድ ሽማግሌ አሥራ አንድ ዓመት የለፉበትን ነገር፣ የሰው ስም እየጻፉ ያከበሩትን ነገር፣ በገዛ ቤታቸው ቆሜ «ቆሻሻ ነው» ልበላቸው? አፌ እንቢ አለኝ። ቀዩን አስቀምጬ አረንጓዴውን ለጠፍኩ።

«እንዴት ነች?» አሉ።

«ደህና ናት ጋሼ።»

ከዚያ በኋላማ መሰካቱንም ተውኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መቶ ሠላሳ ስምንቱም ላይ አረንጓዴ ለጥፌ ጨረስኩ። እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ማርታ በሩን ተደግፋ ስታየን ቆይታ «ዋው፣ ዛት ወዝ ፋስት» አለች። አሽሙር ይሁን አድናቆት አልለየሁም። ወረቀቱ ላይ «ሁሉም ተፈትሸው የሚሠሩ ናቸው» በሚለው ሥር ፈረምኩ። ጋሽ መኮንን ግንባሬን ሳሙኝ።

ኮንቴይነሩን ሐሙስ ዕለት መጥተው ወሰዱት። መርከቡ የሚነሣው እሑድ ነው። እኔም ነገሩን ከልቤ አወጣሁት ብዬ ነበር። ዓርብ ጠዋት ለዕረፍት ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ጋሽ መኮንን የላኩልኝ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። «ስሚልኝ፣ ደስ ይበልሽ» የሚል ከሥሩ ጽፈውበታል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት የመምህርት ብርቄ ድምፅ ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ እንደምን ሰነበቱ? የኮምፒውተሮቹን መነሣት ሰምተን ግቢው በዓል መስሏል። ክፍል አጥተን ተጨንቀን ነበር። ኮሚቴው ተሰብስቦ የኬሚስትሪውን ላብራቶሪ ለኮምፒውተር ክፍልነት ወስኗል። ነገ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች መጥተው ጠረጴዛዎቹንና የውኃ ቧንቧዎቹን ያነሡልናል። ለመቶ ሠላሳ ስምንት ኮምፒውተር አንድ ክፍል ይበቃዋል ብለው ነው? እስቲ ይምከሩኝ።»

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። አሲድን በጠመኔ ስዬ፣ እሳትን በቃል ተርኬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እነዚያ ልጆች ያላቸውን ላብራቶሪ አፍርሰው ለእኔ ፊርማ ቦታ ሊያዘጋጁ ነው። ሊንዳን አሞኛል ብያት ወጣሁ። ውሸትም አልነበረም።

ከቤሪዬሳ ጣቢያ ባርት የሚባለውን ባቡር ይዤ ወደ ኦክላንድ ስሄድ ሰይጣን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ዝም በይ» ይለኛል። «ሲደርስ ባይበራ ባሕር ላይ ተበላሸ ይባላል። መንገዱ ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ ጉምሩክ አንገላቶት ነው ይባላል። ማን ያውቅብሻል?» እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ጋሽ መኮንን ደስ ብሏቸው ይኖራሉ፣ እኔም ባለሙያ እንደተባልኩ እቀራለሁ። ፍሩትቬል ጣቢያ ስደርስ ወርጄ ተመልሼ ልሂድ ብዬ የሳን ሆዜውን ባቡር መምጫ ሰዓት ሁሉ አይቼ ነበር። ምን ያህል ፈሪ እንደሆንኩ ያን ቀን አውቄያለሁ።

ስደርስ ጋሽ መኮንን ባዶውን ጋራዥ ይጠርጋሉ። መጥረጊያውን ይዘው ፈገግ አሉ።

«መኪናዬ ዛሬ ቤቷ ታድራለች። ምነው፣ ከሥራ ቀረሽ?»

«ጋሼ፣ ኮንቴይነሩ መሄድ የለበትም።»

«ለምን?»

«ኮምፒውተሮቹ አይሠሩም። ስንቱ እንደሚሠራ አላውቅም፤ ያየኋቸው ሦስቱም አልበሩም። የቀሩትን አልፈተሽኳቸውም። ባትሪያቸው ያበጠ አለ፣ መርከብ ላይ እሳት ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ወደዚያ መላክም ክልክል ነው።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ድምፃቸው አልተነሣም።

«ቆሻሻ ነው የሰበሰብኩት እያልሽኝ ነው?»

ማርታ ድምፃችንን ሰምታ ከውስጥ ወጣች።

«ፈርመሻል እኮ» አሉ።

«ፈርሜያለሁ።»

«እንድትዋሺ ጠየቅኩሽ?»

«አልጠየቁኝም። ማሳዘን ፈርቼ ነው። ሳከብርዎት…» አልኩ፣ እንባዬም መጣ።

ጋሽ መኮንን የቀመር መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ቅንድባቸውን ቋጠሩ። ከዚያ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እኔ ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደም ያለበትን ቆሻሻ ቀይ ከረጢት ውስጥ እየቋጠርኩ ፈርሜ አስረክቤያለሁ። አንድም ቀን ሳላይ አልፈረምኩም። ለምን መሰለሽ? ከረጢቱን ከእኔ ቀጥሎ የሚያነሣው ሰው እጅ አለዋ። አንቺ እኔን አከበርሽ። እነሱን ግን ናቅሻቸው።»

ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። የሰጪውን ፊት ላለማጥቆር ስል የተቀባዩን ፊት ጨርሶ አላየሁትም ነበር። ለካ እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር አጠገባችን ላለ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

ስልካቸውን አውጥተው ኤጀንቱ ጋ ደወሉ። ኮንቴይነሩ ወደቡ ግቢ ውስጥ ነው፣ ገና አልተጫነም። ለማስቀረት ግን ቢሮው ሳይዘጋ ምክንያቱ በጽሑፍ መድረስ አለበት ተባለ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀርቶናል። ማርታ ላፕቶፕዋን ይዛ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች።

«ዳድ፣ ምን ልበል? ጀስት ሴይ ዘር ወዝ ኤ ሚስቴክ?»

ጋሽ መኮንን አላዩኝም፤ መስኮቱን ነው የሚያዩት። ዝምታቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ቃሉን ለእኔ እየተዉልኝ ነው።

«ሚስቴክ አትበይ» አልኳት። «ፈታሽ የተባለችው ሰው ሳትፈትሽ ነው የፈረመችው በይ። ስሜንም አስገቢው።»

ማርታ ቀና ብላ አየችኝ። «አር ዩ ሹር?»

«አዎ።»

ጻፈችው፣ አነበበችልን፣ ላከችው። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅን። ጋሽ መኮንን በየአፍታው «መጣ?» ይላሉ። ቢሮው ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መልሱ መጣ። ኮንቴይነሩ ከጭነቱ ዝርዝር ወጥቷል፣ ሰኞ መጥታችሁ ውሰዱ ይላል። ማንም አልተደሰተም። ጋሽ መኮንን «ተመስገን» ብለው ወንበር ሳቡ፣ ያን ጊዜ ሽማግሌነታቸውን አየሁት።

የቀረችው መምህርት ብርቄ ናት። አርሲ ላይ ገና ሌሊት ነው፤ እስኪነጋላቸው መጠበቅ አለብን። ጋሽ መኮንን ምስር ወጥ አሞቁ፣ ማርታ ዳቦ አቀረበች፤ ሦስታችንም በላን። ጋሽ መኮንን ደግመው ጨመሩልኝ። የተቀየሙትን ሰው «ብዪ እንጂ» እያሉ የሚያበሉ ሰው ናቸው። ሰዓቱን ቆጥረን፣ እዚያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አንቺ ነሽ የምትነግሪያት» አሉ።

ማንነቴን ነግሬ፣ ነገሩን ሳልሸፋፍን ዘረገፍኩት። መምህርት ብርቄ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ግማሹን ጠረጴዛ ትናንት ከሰዓት አንሥተነዋል» አለች። «ወላጆቹ ቸኩለው ነበር። አሁን ለቀሪው እየሄድኩ ሳለሁ ነው የደወልሽልኝ። ስንቱ ነው የሚሠራው?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም? ታዲያ ሁሉም ይሠራል ብለሽ ስትፈርሚ ምን ብለሽ ነው? ሥራሽ ምንድን ነው?»

«እዚህ ኮምፒውተር ነው የምፈትሸው። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ።»

«የምን?»

ውሸት ቢያምረኝ ያን ጊዜ አማረኝ።

«የኬሚስትሪ» አልኩ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።

«ስታውቂ ደውይልኝ» አለችና ዘጋችው።

ሰኞ ለሊንዳ ሁሉንም ነገርኳት። ከሥራ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ካየችኝ በኋላ የባትሪ መፈተሻውን ከመደርደሪያ አውርዳ ሰጠችኝ፣ «ዓርብ ውሰጂ፣ ሰኞ መልሺ» አለችኝ። እንደ ድሮው ግን አላመነችኝም፤ ለወራት የለጠፍኩትን አረንጓዴ ሁሉ ዳግመኛ ታይብኝ ነበር። አልተቀየምኳትም።

ኮንቴይነሩ ተመለሰ፣ ጋራዡም ሞላ፣ መኪናዋም ወጣች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች ነው ዛሬ የምናፍቀው። አሥራ አንድ ቅዳሜ ተቀመጥን። እኔ እሰካለሁ፣ ማርታ ትመዘግባለች፣ ጋሽ መኮንን ውጤቱን ይጠብቃሉ። ካልበራ በመጀመሪያ የሰጪውን ስም የያዘውን ፕላስተር በጥንቃቄ ይልጡና ጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፣ ከዚያ ቀዩን ወረቀት በገዛ እጃቸው ያደርጉበታል። «ሰውየውማ ይሠራል፣ ያልሠራው ዕቃው ነው እንጂ» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሲለጥፉ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። በኋላ በኋላ ግን ቀልዱ መጣ። አንድ የበራ ኮምፒውተር ሲገኝ ሦስታችንም ልጅ እንደተወለደ ሁሉ ደስ ይለናል። አማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ ብቻ ትመልስ የነበረችው ማርታ፣ በስድስተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ «ይቺም ሞታለች፣ ነፍስ ይማር» አለችና አባቷ በሳቅ ፍርስ አሉ።

ከመቶ ሠላሳ ስምንቱ የሠሩት ሃያ አንድ ናቸው። የቀሩት በሥርዓቱ እንዲበተኑ እኔ መሥሪያ ቤት ገቡ። ሃያ አንዱን ለእያንዳንዱ ያለበትን ጉድለት ሳይቀር ጽፈን፣ ከመጻሕፍቱና ከወንበሮቹ ጋር ላክናቸው። ለመምህርት ብርቄም ደውዬ «ሃያ አንድ» አልኳት። «ላብራቶሪው ተመልሷል፣ ሁለት ቧንቧ ተሰብሮብን ቀርቷል» አለችኝ። ሁለቱን ቧንቧ እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ጋሽ መኮንን አሁን ኦክላንድ የሉም። ቤቱን ሸጠው ከማርታ ጋር ሳክራሜንቶ ገብተዋል። በዚያ መንገድ ሳልፍ ጋራዡን አያለሁ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ቀለም ቀብተውታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን እጄ የሚይዘው ነገር ያጣል።

አንባቢዎቼ፣ ሁላችንም ለአገር ቤት ዕቃ እንልካለን። ልብስ እንልካለን፣ ስልክ እንልካለን፣ መድኃኒትም እንልካለን። «ለእኛ አይሆንም፣ ለእነሱ ግን ይሆናል» የምንላት ነገር አለች። እኔ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ይህን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ያ ረጅም ዓለም አቀፍ ሕግ ሲጨመቅ አንድ ጥያቄ ነው፤ ተቀባዩ ምን እንደሚመጣበት ተነግሮት እሺ ብሏል ወይ? ሕጉን ለትልልቅ ፋብሪካዎች የተጻፈ አድርጌ ነበር የማስበው። እናንተም ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት ዚፑን፣ ቻርጀሩን፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበትን ቀን እዩ። ደውላችሁ ጠይቁ። ሰው «አይሆነኝም» ለማለት ዕድል ይገባዋል።

ኮምፒውተሮቹ በደረሱ በሳምንቱ የመምህርት ብርቄ የድምፅ መልእክት መጣ። ጋሽ መኮንን ያኔ ገና ኦክላንድ ነበሩ፤ እሳቸው ቤት ሆነን ነው የከፈትነው።

«ሃያ አንዱም ደርሰዋል፣ እግዜር ይስጥልን። በዝርዝራችሁ መሠረት እያንዳንዱን ፈትሸናል። ሃያው በርተዋል። አንዱ አይበራም። ስለ ሕጉ ከነገራችሁኝ በኋላ ፈልጌ አንብቤዋለሁ፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ቆሻሻ ወደ ላኪው ይመለሳል ይላል። ለይተን አስቀምጠነዋል። መቼ ትወስዱታላችሁ?»

እኔ በሐፍረት መሬቱን አየሁ። ጋሽ መኮንን ግን ስልኩን ከእጄ ወስደው እንደገና ከፈቱት። አሁንም እንደገና። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሳቁ።

«እምቢ አለችን እኮ» አሉ። «ሰማሽ ሮማን? እምቢ አለችን።»

በዚያ ቤት እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።